መንዝ ራሱ ፍሪጅ ነው ያልኩ ቀን

እኔ ቤት የፍሪጅ በር ከፍቶ የሚቆም ሰው ወዮለት። ባለቤቴ በሩን ይዛ «ዛሬ ምን ይበላ ይሆን» እያለች ስታስብ ካየሁ፣ ከሳሎን ሆኜ ጮክ ብዬ መቁጠር እጀምራለሁ። አምስት ላይ ስደርስ «ኧረ ዝጊው» እላለሁ። «ይሄ ሰውዬ ከወተት ጋር ምን ዝምድና አለው?» ብላ ታሾፍብኛለች። ዝምድናው የቆየ ነው። እሷ ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ዛሬ ለእናንተም ላውራችሁ። ድሮ ሳስታውሰው ጆሮዬ ድረስ እቀላ ነበር፤ አሁን ግን ሳወራው ራሴ ቀድሜ ነው የምስቀው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የእንስሳት ጤና ተምሬ ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ፣ እዚያው ተወልጄ ባደግኩበት መንዝ ሥራ አገኘሁ። ቢሮው መሐል ሜዳ ነው። ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ተሰጥቶኝ አራቱን ጨርሻለሁ። ጨዋታ እችላለሁ፤ በሄድኩበት ሰው ይሰበሰብልኛል። ሥራ ላይ ግን እውነቱን ልናገርና አቋራጭ ወዳድ ነበርኩ። አሥር ጊዜ ተደጋግሞ የሚሠራ ነገር ካየሁ ሦስቱን የምዘልበትን መንገድ እፈልጋለሁ። ይህንንም እንደ ብልጠት ነበር የምቆጥረው።

አብሬያቸው እንድሠራ የተመደብኩት ከእትዬ ስንዱ ጋር ነው። ሃምሳ ያለፋቸው፣ አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው በግ የሚያባርሩ ሴት ናቸው። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ እሳቸው መርፌ ይዘው ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር። ስለ ክትባት ሲያወሩ ነፍስ ስላለው ነገር የሚያወሩ ይመስላል። «ክትባት ሕይወት አለው» ይሉኛል። «ከሞቀው ይሞታል። ሲሞት ደግሞ አይጮህም፣ አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም። ሞተህ ሳለ እንደ ደህና ሰው ቁጭ ብትል ማለት ነው።»

አንድ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር ነበራቸው። ክትባት የሚያዝበት አይስ ቦክስ ውስጥ ቴርሞሜትር ይቀመጣል፤ እትዬ ስንዱ በየሰዓቱ ከፍተው ያዩና ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ይጽፋሉ። ዝናብም ይዝነብ፣ ምሳም ይቅረብ፣ ይጽፋሉ።

«እትዬ፣ ይሄ ደብተር ሲሞላ ሙዚየም ነው የሚገባው?» ብዬ አሾፍኩባቸው አንድ ቀን።

«የለም፣ ለሠርግህ ስጦታ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ነገሩ የተፈጠረው በኅዳር ነው። ከገደል ማዶ ባለ ቀበሌ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ከገደሉ ወዲህ፣ ጥድ አፋፍ የምንላት መንደር አለች፤ የሕዝቡ ኑሮ ገብስና በግ ነው። ገብሱን ውርጭ ቢመታው በጉን ሸጦ ዓመቱን ይገፋል። በጉ ከሄደ ግን ሌላ ምንም የለውም። ስለዚህ ቶሎ መከተብ ነበረብን። እትዬ ስንዱ ከዋዜማው ሄደው ሕዝቡን ሊቀሰቅሱ እዚያው አደሩ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ክትባቱን ከቢሮው ፍሪጅ አውጥቼ፣ በአይስ ቦክስ አድርጌ እንዳመጣ ታዘዝኩ።

በአይስ ቦክሱ ውስጥ ከክትባቱ ጋር፣ ውሃ ተሞልተው የረጉ ስድስት ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች መግባት አለባቸው። በረዶው እነሱ ናቸው። አንዷን አስገባሁ፤ ሁለተኛዋን ሳነሳ ክብደቱን አሰብኩት። ከሚኒባስ ወርጄ አንድ ሰዓት ዳገት መውጣት አለብኝ። ውጪው ደግሞ በአመዳይ ነጭ ሆኗል፤ እጄ ቆርፍዶ አልታዘዝ ብሎኛል። አምስቱን መለስኳቸውና ክፍት የቀረውን ቦታ በሹራቤ ሞላሁት።

የቢሮው ዘበኛ ቆመው ያዩኛል። «ልጄ፣ እነዚያን ረሳሃቸው» አሉኝ።

«አልረሳሁም አባቴ። መንዝ ራሱ ፍሪጅ ነው» አልኳቸው። በንግግሬ በጣም ደስ አለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ለሹፌሩም ደገምኩለት።

ጥድ አፋፍ ስደርስ በጉ ሁሉ በድንጋይ ካብ በታጠረው ሜዳ ተሰብስቧል። እትዬ ስንዱ ቴርሞሜትሩን ከቦርሳቸው አወጡና ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት፤ ትንሽ ቆይተው አዩት። አራት ዲግሪ ይላል፤ ከስምንት እስካላለፈ ደህና ነው።

«በረዶው ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው» አልኩ። እንደ ዋዛ ነው የወጣኝ።

«ጎሽ። እንግዲህ እኔ እወጋለሁ፣ አንተ መድኃኒቱን ትበጠብጣለህ። ደብተሩንም ዛሬ አንተ ያዝ። ለምደሃል።» አረንጓዴውን ደብተር ሰጡኝ። ለማንም ሰጥተው አያውቁም ነበር።

መጀመሪያ የመጡት እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ ሰባት በግ ያላቸው፣ አፋቸው የተባ አሮጊት። ክትባት የወሰደ በግ ጀርባው ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። እማማ ቀለሙን አይተው «ለእኔም ጫፏን ቀባ አርጉልኝ፣ ጉልበቴን ብርድ በልቶታል» አሉ። ሳቅን። ሁለት ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን አየሁ፤ አራት። ሦስት ሰዓት ላይም አየሁ፤ አምስት። ሁለቱንም ጻፍኩ።

ከዚያ ጨዋታው ደራ። ወጣቶቹ ከበቡኝ፣ የከተማ ወሬ ጠየቁኝ፣ እኔም አላሳፈርኳቸውም። ብልቃጥ በወጣ ቁጥር አይስ ቦክሱን ሳልዘጋ እተወው ጀመር። ያስቀመጥኩትም ጥቁር ድንጋይ ላይ ነበር፤ ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ፀሐይ ወጥታበታለች። የደጋ ፀሐይን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ነፋሱ ብርድ ስለሆነ የምታቃጥል አይመስልም እንጂ ድንጋዩን ምጣድ ታደርገዋለች። አራት ሰዓት ሲሆን ትዝ አለኝና፣ መነሳቱን ሰንፌ አምስት ብዬ ጻፍኩ። አምስት ሰዓት ላይም አምስት። ስድስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ቀልድ መሃል ላይ ሆኜ፣ ሳልነሳ አሁንም አምስት ጻፍኩ።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ እትዬ ስንዱ ራሳቸው ብልቃጥ ሊወስዱ መጡ። ጎንበስ አሉ። ቴርሞሜትሩን አነሱና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ቀጥለው ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ ወሰዱ።

«ደሬ» አሉኝ፤ ስሜ ደረጀ ነው። «ይሄን አምስት መቼ ነው ያየኸው?»

«ቅድም።»

«ቅድም ስንት ሰዓት? ይሄ አሥራ ዘጠኝ ነው የሚለው።»

እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ሥር ሰደዱና አንዷን ፕላስቲክ አወጡ፤ ቀልጣ ውሃዋ ይንቦጫቦጫል። ሁለተኛ ፈለጉ። ያገኙት ሹራቤን ነው። እጅጌውን ይዘው ጎትተው አወጡት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሹራቤ ነው።»

«እሱም ሊከተብ ነው የመጣው?»

በሌላ ቀን ቢሆን የምስቅበት ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ዓይኔ ወደ ቀዩ ጀርባ ሁሉ ሄደ። ከሦስት ሰዓት ወዲህ ስንት በግ ተወግቷል? የሞተ መድኃኒት ተወግቶ፣ ቀይ ተቀብቶ፣ ባለቤቱ ተከተበልኝ ብሎ አምኖ የሄደ በግ። ግማሹ ሕዝብ ወደ አጨዳው ተበትኗል። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ «እትዬ፣ መርፌውን እንደሆነ ተወግተዋል። ማን ያውቃል? ሌላ ጊዜ እንደገና ዘመቻ እንጠራለን» አልኳቸው።

«አንተ ዝም ስላልክ በሽታው ዝም ይላል?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውንም አላነሱም። እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ካቡ ላይ ወጡና የቀረውን ሰው ጠሩ።

«ስሙኝማ። ዛሬ ከሦስት ሰዓት ወዲህ የተወጉ በጎች አልተከተቡም። ቀለሙ አለ፣ ክትባቱ የለም። በእጄ ላይ መድኃኒቱ ሞቷል።»

ከፊት የቆሙት እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው፣ በእውነተኛ ሐዘን «ነፍስ ይማር» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ ግን ሜዳው በሙሉ ሳቀ። «መቼ ነው ያረፈው?» አለ አንዱ። «ቀብሩስ እዚህ ነው መሐል ሜዳ?» አለ ሌላው። «ሁለቴ ቢወጋ በጉን አይገድለውም ወይ?» ብሎ የጠየቀም ነበር። እትዬ ስንዱም «አይጎዳውም፣ ይሰለቸዋል እንጂ» ብለው መለሱለት።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነው፤ አያ ሽታው። አርባ በግ አላቸው፤ የሚያሰማሩትም ገደሉ አፋፍ ላይ፣ በሽታው ከገባበት ቀበሌ ፊት ለፊት ነው። በሽታው ገደሉን ቢሻገር መጀመሪያ የሚያገኘው የሳቸውን በግ ነው፤ ከሳቸው ወደ መንደሩ ሁሉ ይደርሳል። «እኔ አጨዳዬን ጥዬ ነው የዋልኩት» አሉ። «ነገ ደግሞ ሌላ ቀን? አልመጣም። የደረሰ ገብስ መሬት ላይ ሊረግፍብኝ ነው።» በጎቻቸውን ነድተው ሄዱ።

ሰው ሲበተን እትዬ ስንዱን «ለምን ስሜን አልጠሩም?» አልኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ነው።

«መርፌውን የያዝኩት እኔ ነኝ። በረዶውንም ሙሉ ነው ስትለኝ ዝቅ ብዬ ማየት ነበረብኝ። የኔን ተናገርኩ። ያንተን ደግሞ አንተ አፍ አለህ፤ ስትፈልግ ትናገራለህ። አሁን ሂድ፣ ቢሮ ሳይዘጋ ድረስ። ጠዋት ሌላ ክትባት ይዘህ ና። እኔ ወደ ቤታቸው የሄዱትን ዞሬ እነግራለሁ።»

ዳገቱን ቁልቁል ሮጥኩት ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ ያገኘሁት አይሱዙ አሳፈረኝ። አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊያችን ክፍል ገባሁ። ገና አፌን ሳልከፍት «ሰምቻለሁ፣ እትዬ ስንዱ ደውለውልኛል» አለኝ። «ክትባት ተበላሸብኝ አሉ። እንዴት እሳቸው እጅ ላይ ይበላሻል? እርጅና ይሆን?»

አያችሁ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። «አዎ፣ ደክመዋል» ብል አለቀ። የሙከራ ጊዜዬ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ቤት ውስጥ እናቴ ልጄ መንግሥት ቤት ገባ ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። ግን እኚያ ሴት አሁን ከቤት ቤት እየዞሩ፣ በየደጃፉ ቆመው «በእጄ ሞቷል» እያሉ ነው።

«እሳቸው አይደሉም» አልኩት። «በረዶ ያላስገባሁት እኔ ነኝ። ሳላይ አምስት ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የሙከራ ጊዜህ ሌላ ስድስት ወር ይራዘማል። ደብዳቤውን ነገ ማታ መጥተህ ትወስዳለህ» አለኝ። እንደማላባርርህ እወቅ ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ። ሲለቀቅልኝ ደግሞ ራበኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ስድስቱን ፕላስቲኮች አንድ በአንድ ስደረድር ዘበኛው መጡ። ቆመው ቆጠሩ። «ዛሬ መንዝ ይሞቃል ማለት ነው?» አሉኝ። ስድስተኛዋን አስገብቼ ክዳኑን ገጠምኩ።

ሳጥኑ ትከሻዬን እየቆረጠው አፋፉ ላይ ወጣሁና ወደ ሜዳው አየሁ። ባዶ ነው። ካቡ ላይ እትዬ ስንዱ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በአጨዳ ወቅት፣ ለዚያውም ከትናንቱ ነገር በኋላ፣ ማን ይመጣል? ስደርስ ሰላም ሳይሉኝ እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ሥር ሰደዱ። ቆጠሩ። ስድስት። ከዚያ «እንደምን አደርክ» አሉኝ።

ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል ከታች ከወንዝ በኩል የበግ ድምፅ ተሰማ። ከፊት የሚነዱት እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ የሳቸው ሰባቱ ትናንት በጊዜ ስለተወጉ መምጣት አልነበረባቸውም። የጎረቤቶቻቸውን በግ ይዘው ነው፤ ጎረቤቶቹን አጨዳ ላይ ትተዋቸዋል። ሳጥኑ ጋ ደርሰው አጎነበሱ። «ሟቹ ተነሣ?» አሉ። ጣታቸውን በረዶው ላይ አድርገው በድንጋጤ መለሱት። «ይሄስ ደህና አድርጎ ሕያው ነው።»

ሌላውም ተከትሎ መጣ። ቀይ በተቀባው ላይ ሰማያዊ ጨመርንበት። ደብተሩን እትዬ ስንዱ መልሰው ለእኔ ሰጡኝ። አልወሰድም አልኩ። «ያዝ፣ ትናንትና የማይችለው ሰው ነበር የያዘው» አሉኝ። ገለጥኩት። የትናንቶቹ ሦስት አምስቶች በአንድ መስመር ተሰርዘዋል፤ ሳይደመሰሱ፣ ሳይቀደዱ። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ በሳቸው ድቡልቡል ጽሕፈት አንድ ቃል ተጽፏል፦ «አልታየም»።

«እንዲህ ተብሎ ይጻፋል እንዴ?» አልኳቸው።

«ምነው አይጻፍ? ሰው ነህ፤ ይረሳል፣ ይደክማል፣ ጨዋታ ይወስደዋል። አልታየም ብለህ ብትጽፍ አራት ሰዓት ላይ አይቼ እገስጽህና መድኃኒቱን እናድነው ነበር። እኔን የጎዳኝ አምስቷ ናት።»

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም አለቀ፤ የአያ ሽታው አርባ በግ ሲቀር። «እንሂድላቸው» አሉ እትዬ ስንዱ። ወጣን። አያ ሽታው ገብስ ውስጥ ሆነው ያጭዳሉ፤ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

«ትርፍ ማጭድ አለዎት?» አሏቸው እትዬ ስንዱ።

«ለምን?»

«እርስዎ በጎቹን ያምጡ፤ እስኪመለሱ እኛ እናጭዳለን። ቀንዎን ወስደንብዎታል።»

አያ ሽታው ቀና አሉ። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። «አያ ሽታው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «እትዬ አይደሉም መድኃኒቱን የገደሉት። በረዶውን ቢሮ ጥዬው የመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ጣልከው?»

«ይከብደኛል ብዬ። ደግሞ...» ቀሪውንም ተናገርኩት። «መንዝ ራሱ ፍሪጅ ነው ብዬ።»

የሽማግሌው ማጭድ ከእጃቸው ወደቀ። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ፍሪጅ!» አሉ። «እኔ ስልሳ ዓመት ፍሪጅ ውስጥ ነዋ የኖርኩት!» ማጭዱን አንስተው ለእኔ፣ ሌላ ደግሞ ለእትዬ ስንዱ ሰጡና እየሳቁ በጎቹን ሊያመጡ ሄዱ። እትዬ ስንዱ ሦስት ነዶ ሲያደርሱ እኔ ግማሽ ነዶና አንድ የተቆረጠ ጣት አደረስኩ። አርባዎቹም ተከተቡ።

በጥር ፈንጣጣው ገደሉን ተሻገረ። አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። «ፍሪጁ» አለኝ አንድ ድምፅ፤ አያ ሽታው ናቸው። «የማዶዎቹ እያለቁ ነው። የኔዎቹ ሰማያዊ ጀርባቸውን ይዘው ሣር ይግጣሉ።» ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ደረጀ የሚለኝ የለም። ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «ፍሪጁ እንደምን ነህ» ይሉኛል፤ ልጆቻቸው ትክክለኛ ስሜ ይመስላቸዋል።

እትዬ ስንዱ ጡረታ ወጥተዋል። ሠርጌ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። አረንጓዴው ደብተር ነው። ባለቤቴ ከዕቃዎቹ ሁሉ መርጣ እሱን ብትከፍተው ቁጥር ብቻ ሆነባት። «አልታየም» ያለበትን ገጽ እኔ ገለጥኩላት። የፍሪጅ በር ላይ የምቆጥረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወገኖቼ፣ እናንተ በግ ላትከትቡ ትችላላችሁ። ግን ሁላችንም ዘንድ ሳናይ አየሁ ብለን የምንሞላት ቦታ አለች። እኔ ጠንካራ ሠራተኛ ማለት የማይደክም ሰው ይመስለኝ ነበር። እትዬ ስንዱ እንደማንኛችንም ይደክሙ ነበር፤ ያላዩትን አየሁ አይሉም እንጂ።

አሁን እኔ ነኝ አዲሶቹን የማሰለጥነው። ባለፈው ወር ከራቤል በኩል አንዲት አዲስ ምሩቅ ከዘመቻ ተመለሰችና ደብተሯን አስረከበችኝ። ፈርታለች፤ እጇን ታሻሻለች። ገለጥኩት። ሁለት ሰዓት፣ አራት። ሦስት ሰዓት፣ አራት። አራት ሰዓት ላይ ግን ቁጥር የለም። በትንንሽ ፊደል «አልታየም፣ ዝናብ መጥቶ በጎቹን ስሰበስብ ረሳሁ» ትላለች። አምስት ሰዓት፣ አምስት።

«ጋሼ፣ ሊቀጡኝ ነው?» አለችኝ።

ደብተሩን ዘጋሁና ምሳ ጋበዝኳት። እሷ ስትበላ እኔ ስልኬን አውጥቼ ለእትዬ ስንዱ ደወልኩ። «እትዬ፣ አንድ አልታየም አገኘሁ» አልኳቸው። ወዲያ ማዶ ሆነው ሲስቁ ይሰማኝ ነበር።